ስለ ተሳላሚና ስለ መንገድ መሪ

«ያላዩት አገር አይናፍቅም» ይላል ያገራችን ተረት። በሌላው ነገር እውነት ሊሆን ይችላል፤ በተሳላሚ ላይ ግን አይሠራም። የራያ ገበሬ ኢየሩሳሌምን ሳያያት ይናፍቃታል፤ ስሟን ከሕፃንነቱ ጀምሮ በቅዳሴና በማኅሌት ሲሰማ አድጓልና። በሮቢት ገበያ ማሽላዋን ሸጣ የምትመለስ ባልቴት ላሊበላን ሳልሳለም አልሙት ብላ ትሳላለች፤ በስተ ምዕራብ ያለውን ተራራ ከቈላው ሆና ከማየት በቀር ደብሩን አይታው አታውቅም። ይህን ናፍቆት በሰው ልብ የሚያሳድረው ቃል ነው። የሄደው ተመልሶ ለቀረው ይነግረዋል፤ የቀረውም በሰማው ቃል ሲናፍቅ ኖሮ አንድ ቀን በትሩን ይዞ ይነሣል። ስለዚህ የተሳላሚ ወሬ እንደ ገበያ ወሬ የሚቈጠር አይደለም። በመልካም ቢነገር እምነትን ያጸናል፥ ዕውቀትንም ይጨምራል፤ በከንቱ ቢነገር ግን የሄደውን ሰው ድካም፥ የቀረውንም ሰው ተስፋ ያባክናል።

ዛሬ ልንመረምረው የወደድነው ይህን ወሬ ነው። ሰዎች ተሰብስበው በአንድ መሪ እየተመሩ የጥንት ከተሞችን የሚሳለሙበት ልማድ በካቶሊካውያን ዘንድ እጅግ የሰፋ ስለ ሆነ፥ የመሪው ንግግር ራሱ እንደ አንድ ድርሰት ሆኗል። መጀመሪያና መጨረሻ አለው፤ የሚያነሣውና የሚተወው ነገር አለው፤ ሰሚም አለው። ድርሰት ከሆነ ደግሞ እንደ ማናቸውም መጽሐፍ መመርመር ይገባዋል።

ወደዚህ አሳብ ያደረሰን ነገር እንዲህ ነው። አንድ የተማሩ የከተማ ሰው ከካቶሊካውያን ተሳላሚዎች ማኅበር ጋር የኢጣልያን ከተሞች ዞረው ከተመለሱ በኋላ ለዘመድ ጥየቃ ወደ ሮቢት መጥተው ነበር። በማታ ካህናትና መምህራን በቤት ተሰብስበን «እስቲ ያዩትን ይንገሩን» አልናቸው። እርሳቸውም ማኅበሩ ያደላቸውን ትንሽ መጽሐፍ አውጥተው ገጽ በገጽ ይነግሩን ጀመር። በየገጹ ቀኑ፥ ከተማው፥ ቤተ ክርስቲያኑና የምሳው ሰዓት ተጽፎበታል። ቬኒስ፥ ፍሎረንስ፥ አሲዚ፥ ሮም፤ ይህ ጕልላት ይህን ያህል ከፍታ አለው፥ ይህን ሥዕል እገሌ ሣለው፥ በዚህ አደባባይ ይህን ያህል ሕዝብ ይቆማል። ሁሉም የተስተካከለ፥ ሁሉም የታወቀ ነበር። ነገር ግን ጥቂት ቈይቶ የሰሚዎቹ ዐይን ወደ እሳቱ አዘነበለ።

በመካከል አንድ ሸምገል ያሉ ቄስ፥ «ልጄ፥ የእኛ አገር መነኰሳት ያርፉባት የነበረች ቤት ሮም ውስጥ አለች ሲባል እሰማለሁ፤ አየሃት ወይ?» ብለው ጠየቁ። ሰውየውም መጽሐፉን ገልጠው ፈለጉ፤ አጡት። «አባቴ፥ መሪያችን አልነገረንም» አሉ።

ይህች መልስ ለእኛ ከንግግሩ ሁሉ ይልቅ ብዙ ታስተምራለች። ሰውየው ሐሰት አልተናገሩም፤ መሪውም አልዋሸም። ነገር ግን የአንድ ሰው ዐይን በሌላ ሰው አፍ ተለክቶ ተመለሰ።

በፍርዳችን እንዳናደላ መጀመሪያ የመሪውን መልካምነት እንናገር። ቋንቋ ለማያውቅ፥ መንገድ ለማይለይ፥ በእድሜው ለደከመ ሰው መሪ ማግኘት ታላቅ ምጽዋት ነው። መሪው ባንዲራ ወይም ጃንጥላ ከፍ አድርጎ ይቀድማል፤ አርባና አምሳ ሰው ይከተለዋል፤ ድምፁን ዝግ አድርጎ ሲናገር እያንዳንዱ በጆሮው በሰካት ትንሽ መሣሪያ አጠገቡ እንዳለ ሆኖ ይሰማዋል። ቅዳሴው የሚጀመርበትን ሰዓት፥ ውሃ የሚገኝበትን፥ አረጋውያን የሚያርፉበትን ሥፍራ ያውቃል። ደግሞም የሁለት ሺህ ዓመት ታሪክ በስምንትና በዐሥር ቀን ሊናገር የተገደደ ስለ ሆነ ብዙውን መተው ግዴታው ነው። መተው የድርሰት ሁሉ ሥራ ነውና ስለ ተወ ብቻ አይነቀፍም። ነቀፋው የሚመጣው ሰሚው የተነገረውን ያለው ሁሉ አድርጎ ሲወስደው ነው። ተሳላሚው የተተወውን ሊፈልግ ካልተነሣ መሪው ቢረዳውም ተሳላሚው ራሱን አልረዳም።

እንግዲህ ያቺን ትንሽ መጽሐፍ ተከትለን፥ በየከተማው ያልተነገረውን በጥቂቱ እናንሣ። ዓመቶቹ ሁሉ፥ ሌላ ካልተባለ በቀር፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በቬኒስ መሪው የማርቆስን ቤተ ክርስቲያን አሳየ፤ የሚነገርለትም ነው። ነገር ግን በ1402 የዐፄ ዳዊት መልእክተኞች አንቶንዮ ባርቶሊ ከሚባል የፍሎረንስ ሰው ጋር ነብሮችና ሌላም እጅ መንሻ ይዘው ወደዚያች ከተማ ገብተዋል። ከዚያም በኋላ ከ1519 እስከ 1524 ባለው ዘመን አለሳንድሮ ዞርዚ የተባለ የቬኒስ ሰው በዚያ የሚያልፉትን ኢትዮጵያውያን መነኰሳት እያገኘ፥ ከየት ተነሥተው በየት እንደ መጡ ይጠይቃቸው ነበር። እነርሱም ከዚህ እስከዚያ ይህን ያህል ቀን፥ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ይህን ያህል ቀን እያሉ አገራቸውን በእግር ጕዞ ቈጠሩለት። እርሱም ጻፈው፤ በ1958 ክሮፎርድ የተባለ እንግሊዛዊ ሊቅ ከሌሎች የኢትዮጵያ መንገድ ጽሑፎች ጋር አሳተመው። አንባቢ ሆይ፥ ነገሩን ልብ በል። በትሩን የተደገፈ ድኻ መነኵሴ በባሕር ላይ በተሠራች ከተማ ቆሞ ላገሬው ሊቅ መሪ ሆነ። ያልሄደበትን ነገር አልተናገረም፤ እግሩ የለካውን ቈጠረ። የእነዚያ መነኰሳት ንግግር ጌጥ የለውም፤ ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ ግን ሊቃውንት የጥንቷን ኢትዮጵያ መንገድ ሲፈልጉ ይመረምሩታል።

በፍሎረንስ መሪው ስለ ታላቁ ጕልላት ብዙ ተናገረ። በዚያችው ከተማ በ1441 ከኢየሩሳሌም የኢትዮጵያውያን ገዳም አለቃ ከአባ ኒቆዲሞስ የተላኩ መነኰሳት በጉባኤው መካከል ቆመው በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት በአውጌንዮስ አራተኛ ፊት ተናግረዋል፤ ስለ ሃይማኖታቸውና ስለ ሥርዐታቸውም ተጠይቀዋል። ከዚያም ወደ ሮም ሄዱ። የዚያ ጉባኤ ነገር ዛሬም በሮም በቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በመካከለኛው የነሐስ በር ላይ ተቀርጾ ይታያል፤ በሩን ፊላሬቴ የተባለ ሠሪ በ1445 ፈጸመው። ከግብጽና ከኢትዮጵያ የመጡት መነኰሳት በነሐስ ሆነው ደጁን ይጠብቃሉ። እንግዳችን በዚያ ደጅ አልፈው ገብተዋል፤ ቀና ብለው ግን አላዩም፤ መሪው በዚያ ጊዜ ስለ ሌላ ነገር ይናገር ነበርና።

ወደ ሮም ስንደርስ ነገሩ ይሰፋል። ከዚያ ከታላቁ ቤተ ክርስቲያን በስተ ኋላ በጥቂት እርምጃ የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አለች፤ እስከ ዛሬ የሐበሾች እስጢፋኖስ ትባላለች። በ1479 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሲክስቶስ አራተኛ አሳድሶ ለኢትዮጵያ መነኰሳት ሰጣት፤ ከእርስዋም ጋር የእንግዶች ማረፊያ ነበረ። በቫቲካን ቅጥር ውስጥ ስለ ሆነች ማንም መንገደኛ ዝም ብሎ አይገባባትም። ቄሱ የጠየቁት ስለዚህች ቤት ነበር።

ከዚህች ቤት ስለ ወጣው ፍሬ ሦስት ነገር ብቻ እንናገር። መጀመሪያ፥ ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ ቄስ በሮም ሳለ ኢትዮጵያውያን መነኰሳት ሲጸልዩ ሰማ። ዜማቸው ልቡን ስለ ሳበው ቶማስ ወልደ ሳሙኤል ከሚባል ኢትዮጵያዊ ተሳላሚ ግእዝ ተምሮ፥ በ1513 መዝሙረ ዳዊትን በግእዝ ፊደል በሮም አሳተመ። በማተሚያ መኪና የታተመ የመጀመሪያው የግእዝ መጽሐፍ ይህ ነው። ፖትከን ቋንቋውን የከለዳውያን መስሎት ነበር፤ ቢሳሳትም ጆሮው የሰማውን ተከትሎ መጠየቁ ለዚህ ታላቅ ሥራ አበቃው። ሁለተኛ፥ የደብረ ሊባኖሱ አባ ተስፋ ጽዮን ከባልንጀሮቹ ጋር ሆኖ በ1548ና በ1549 ሐዲስ ኪዳንን በግእዝ አሳተመ። አታሚዎቹ ፊደሉን ማንበብ አይችሉም፥ መነኰሳቱም የማተምን ሥራ አያውቁም ነበርና በመጽሐፉ ስለ ተገኘው ስሕተት አንባቢውን ይቅርታ ለምነዋል። የተስፋ ጽዮን መቃብር በዚያችው ቤተ ክርስቲያን ነው። ሦስተኛ፥ በዛሬው ወሎ በሚገኘው በጥንቱ አምሐራ ምድር የመካነ ሥላሴ ሰው የሆነው አባ ጎርጎርዮስ በዚያ ቤት ሳለ በ1649 ኢዮብ ሉዶልፍ የሚባል ጀርመናዊ ሊቅ አገኘው። ወዳጅነታቸው ጸንቶ በ1652 ወደ ጎታ ከተማ ሄደ፤ ስለ አገሩም የሚያውቀውን ሁሉ ነገረው። ሉዶልፍ በ1661 ያሳተመው መዝገበ ቃላትና በ1681 ያሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ ያለ አባ ጎርጎርዮስ ባልተጻፉም ነበር። አባ ጎርጎርዮስ ግን ወደ አገሩ ሲመለስ በ1658 መርከቡ ተሰብሮ በባሕር ሞተ።

እነዚህን ሰዎች አንድ የሚያደርጋቸው ሁሉም ተሳላሚዎች መሆናቸው ነው። ያወቁትንም የጻፉላቸው በአብዛኛው ሌሎች ናቸው። የመነኰሳቱን መንገድ ዞርዚ ጻፈው፤ የአባ ጎርጎርዮስን ዕውቀት ሉዶልፍ ጻፈው። የእኛ ሰው ተናገረ፥ ባዕድ ጻፈ፤ ኋላም እኛ የራሳችንን ነገር ከባዕድ መጽሐፍ ተማርን። የሮሙ መሪ ስለ ሐበሾች እስጢፋኖስ ባይናገር ምን ይደንቃል? «ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» እንደ ተባለ፥ ይህን እርሻ የሚያርሰው የእኛ በሬ ነበር።

አሁን ደግሞ ስለ ጕዞ ወደ ተጻፉ መጻሕፍት እንመለስ፤ የመልካም ተሳላሚ አጻጻፍ እንዴት ያለ እንደ ሆነ ከእነርሱ እንማራለንና።

ካህኑ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር በ1520 ከምጽዋ ተነሥቶ ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል ሰፈር ሲሄድ በእኛ አገር በኩል አልፏል። ይህ የራያ ምድር በዚያ ዘመን አንጎት በሚባለው አገር ውስጥ ነበር፤ በአንጎት ብረትና ጨው እንደ ገንዘብ ሲሠራበት እንዳየ ጽፏል። እርሱም በመሪ የሚመራ፥ ቋንቋ የማያውቅ የካቶሊክ ቄስ ነበረ። ላሊበላን ካየ በኋላ የአብያተ ክርስቲያናቱን አሠራር አንድ በአንድ ጻፈ፤ አንባቢ አያምነኝም ብሎ ስለ ፈራ የጻፈው እውነት እንደ ሆነ በእግዚአብሔር ስም ማለ። ሥራው በሃያ አራት ዓመት እንደ ተፈጸመና ሠሪዎቹም ከውጭ የመጡ ነጮች እንደ ሆኑ ሲነግሩት ግን፥ እንዲህ ብለው ነገሩኝ ብሎ ለብቻው አስቀመጠው። መጽሐፉ በ1540 በሊዝቦን ታተመ። አልቫሬዝ በብዙ ነገር ተሳስቷል፤ ስለ ሠሪዎቹ የሰማውንም ወሬ እኛ አንቀበለውም። ነገር ግን ያየውን ካየው ጋር፥ የሰማውን ከሰማው ጋር ስላኖረ፥ ወሬው ቢወድቅ ምስክርነቱ አብሮት አይወድቅም። ይህ ከእርሱ የምንማረው ትልቅ ነገር ነው።

ከእኛ ወገን ደግሞ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የልዕልት ወይዘሮ መነንን የኢየሩሳሌምና የምሥር መንገድ በ1915 ዓ.ም.፥ የአልጋ ወራሹን የልዑል ተፈሪ መኰንንን የአውሮፓ ጕዞ ደግሞ «ደስታና ክብር» ብለው በ1916 ዓ.ም. ጽፈዋል። እነዚህ መጻሕፍት የጕዞ ድርሰት በአማርኛ እንዲለመድ ስላደረጉ ምስጋና ይገባቸዋል። በጊዜያቸው ባሕር ተሻግሮ ለማያውቅ አንባቢ የውጭን አገር በገዛ ቋንቋው አቀረቡለት። ሆኖም ሁለተኛው ከስሙ ጀምሮ እንደሚያሳውቀው የክብር መዝገብ ነው። የአልጋ ወራሽ ጕዞ በመንግሥታት እጅ የሚመራ ጕዞ ስለ ሆነ የጸሐፊው ብዕር ወደ ተቀባዮችና ወደ ተደረገው አቀባበል ያዘነብላል። ለቤተ መንግሥት መዝገብ ይህ ተገቢ ነው። ከእርሳቸው በኋላ የመጣ ተራ ተሳላሚ ግን መልኩን ብቻ ወስዶ ሲጽፍ ይሳሳታል፤ ንጉሥ ሳይሆን ስለ ተደረገለት አቀባበል፥ ስላደረበት ሆቴል፥ ስለ በላው ምግብ ይነግረናል።

እንግዲህ ሚዛናችን ይህ ነው። የመሪ ቃል ለመንገድ ይበቃል፤ ለምስክርነት አይበቃም። ተሳላሚ ሲናገር ወይም ሲጽፍ በሦስት ነገር ይመዘን። ያየውንና የሰማውን ለይቷልን? መሪው ካሳየው ሌላ አንድ ነገር እንኳ ራሱ ፈልጎ አግኝቷልን? ከአገሩ ጋር የሚያገናኘውን ፍለጋ ተከትሏልን?

ይህን ሚዛን በሌላው ላይ ብቻ አንሠራበትም። በኢየሩሳሌም በጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ሰገነት ላይ ባለው በዴር ሡልጣን የውጭ አገር ማኅበሮች የመነኰሳታችንን ትንንሽ ቤቶች እንደ መተላለፊያ እያዩ ሲያልፉ እናዝናለን። እኛስ በገና ጊዜ ወደ ላሊበላ ስንወጣ ምን እናደርጋለን? የሚያስጐበኘው ሰው ከገድሉ የሚነገረውንና ከድንጋዩ የሚታየውን ቀላቅሎ ሲነግረን ሁሉን በአንድ ላይ ይዘን እንወርዳለን። ገድሉ እንደ ገድል ይነገር፤ የድንጋዩ ሥራ ደግሞ በዐይን ታይቶ፥ በእጅ ተዳስሶ ይነገር። ሁለቱም ክብር አላቸው፤ ሲቀላቀሉ ግን አንዱ የሌላውን ክብር ይወስድበታል። ከሮቢት በእግራቸው ወጥተው የተመለሱ ስንት ሰዎች አሉ! መንገዱን፥ ያሳደራቸውን ሰው ደግነት፥ በየመንደሩ የሰሙትን የጻፉልን ግን እጅግ ጥቂቶች ናቸው።

ወደዚያች ማታ እንመለስና እንፈጽም። ቄሱ የሰውየውን መልስ ከሰሙ በኋላ አልነቀፏቸውም። ጥቂት ዝም ብለው፥ «እንግዲያው መጽሐፉን ዝጋውና፥ ማንም ሳያሳይህ ያየኸውን ንገረን» አሏቸው። ሰውየውም አሰቡ። ከዚያ በኋላ እንዲህ አሉ፦ በቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሐዋርያው የነሐስ ምስል አለ፤ ተሳላሚ ሁሉ እግሩን እየዳሰሰና እየሳመ ከብዙ ዘመን ብዛት የቀኙ እግር ጣቶች አልቀው ለስልሰዋል። ማኅበሩ አልፎ ሲሄድ እርሳቸው ወደ ኋላ ቀርተው እጃቸውን አኖሩበት። «ነሐስ አይመስልም፤ እንደ ወንዝ ድንጋይ ነው» አሉ። «አንዲት አሮጊት ከኋላዬ መጥታ፥ ቋንቋዋን አላውቀውም፥ እንደ እኔ እጇን አኖረችና አለቀሰች።»

በቤቱ የነበሩት ሁሉ ቀና አሉ። ቄሱም፥ «የእኛም ደብር መቃን እንዲሁ ነው፤ ሕዝቡ ሲሳለመው ኖሮ ዕንጨቱ ጐድጕዷል» አሉ። ከዚያ ወዲያ ስለ ጕልላቱ ከፍታ የጠየቀ አልነበረም፤ ሁሉም ስለዚያች አሮጊትና ስለ መቃኑ እየተነጋገረ አመሸ። በመጽሐፉ ያልነበረችው አንዲት ነገር ሮምን ወደ ሮቢት አመጣቻት።

እንግዲህ ወደ ሩቅ አገር ልትሳለም የምትነሣ ወንድማችን ሆይ፥ መሪህን አክብረው፥ ሰዓቱንም ጠብቅለት። ነገር ግን ብራናም ቢሆን ደብተርም ቢሆን በእጅህ ያዝ፤ በየማታውም ያየኸውን በአንድ ወገን፥ የሰማኸውን በሌላው ወገን ጻፍ። በነሐሱ በር ስታልፍ ቀና በል። በሐበሾች እስጢፋኖስ ለመግባት ፈቃድ ለምን፤ ብትከለከል ስለ መከልከልህ ጻፍልን፤ ብትገባ ተስፋ ጽዮን ባረፈበት ቁምና ስለ እኛ ጸልይ። ስትመለስም በሮቢት የተቀመጡት አረጋውያን ሲጠይቁህ «መሪያችን አልነገረንም» ብለህ እንዳትመልስላቸው።